አራት ከየት መጣ?

ልብስ ቤቱ ውስጥ ስሟን የሚጠራ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ሜትር ነው የሚሏት፤ ታናናሾቿ ደግሞ እትዬ ሜትር። ሜትሩን አንገቷ ላይ እንደ ሻርፕ ጣል አድርጋው ትውላለች እንጂ ብዙም አትጠቀምበትም። ሰው ከበሩ ገብቶ ወንበር ስቦ እስኪቀመጥ ድረስ ትከሻውን፣ ወገቡን፣ የእጁን ርዝመት በዓይኗ ሰፍራ ትጨርሳለች። ከዚያ በኋላ ሜትሩን የምትዘረጋው ለወጉ ነው። ደንበኛ ካልተለካ በልኩ የተሰፋለት አይመስለውማ።

ሥራዋ መቁረጥ ነው። ስፌቱ የሌሎች ነው። ልብስ ቤቱ ረዘም ያለ አንድ ክፍል ሲሆን፣ በመስኮቱ በኩል የሷ ጠረጴዛ አለ፤ ከፈረሰ ቤት የመጣ ትልቅ የእንጨት በር ነው፣ አራት እግር ተመቶለት ጠረጴዛ የሆነ። የቁልፉ ቀዳዳ እስከ ዛሬ አለ፤ እርሳሷን እዚያ ትሰካበታለች። ከጠረጴዛው ማዶ ስድስት የስፌት መኪናዎች በሁለት ረድፍ ይንጫጫሉ። ጥጉ ላይ ካውያው፣ ከካውያው ጎን ደግሞ የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝመው ኦቨርሎክ፣ ከኦቨርሎኩ ጀርባ ሬዲዮ። ሬዲዮ ማለት ኦቨርሎክ የምትመታው ሴትዮ ናት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ትከፈትና ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ትዘጋለች፤ በመካከሉ ማስታወቂያ እንኳ የላትም።

ጣቃ ጨርቅ ሲመጣ ሜትር ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋዋለች። ከዚያ ዝም ብላ ትቆማለች። አንዳንዴ ደቂቃ፣ አንዳንዴ አምስት ደቂቃ፣ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ። መጀመሪያ ላይ ባለቤቱ ያንቀላፋች እየመሰለው ይቆጣ ነበር። ኋላ ግን ገባው። በቆመችበት እጅጌውን ከጀርባው፣ ኪሱን ከኮሌታው፣ ትልቁን ከትንሹ ጋር በሐሳቧ እያገላበጠች እያስተኛች ነው። ሲያልቅላት ስስ የሳሙና ስባሪ ታነሳና ታሰምራለች። አንዴ ካሰመረች አታጠፋም። ባለቤቱ ታዲያ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣

«ከሜትር ጠረጴዛ ሥር አይጥ እንኳ ልጇን የምታለብስበት ብጣሽ አታገኝም!» እያለ ይኩራራባታል።

ቁራጮቹ ላይ ሁልጊዜ የምትጨምረው ነገር አለ። ከየጎኑ ሁለት ሳንቲ ሜትር። ሁለት ወዲህ፣ ሁለት ወዲያ፣ በድምሩ አራት። ስፌት ይበላል፤ ሰው ይወፍራል፤ ልጅ ያድጋል። በልኩ የተቆረጠ ጨርቅ ሲሰፋ ከልኩ ያንሳል። ልብስ ቤቱ ውስጥ ይህን ሳያውቅ አንድ ሳምንት የሰነበተ የለም። ለጀማሪ የሚነገረው የመጀመሪያው ቃል «አራት ያልጨመረ ሁለቴ ይገዛል» የሚለው ነው።

እንግዲህ ይህችው ሴት፣ «ሒሳብ ትችያለሽ?» ብሎ የሚጠይቃት ሰው ቢመጣ፣ ሁለት እጇን ታነሳለች።

«እኔ? ወይ ጉዴ! ሒሳብና እኔ የተለያየነው ዱሮ ነው።»

መቼ እንደ ተለያዩ ቀኑን ታውቀዋለች። ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ጊዜው ጠዋት። መምህሩ ሰሌዳው ላይ የተወላገደ ባለ አምስት ጎን ምስል ስሎ ስፋቱን አውጡ አለ። እሷ እጇን አወጣች። ወጥታ በጠመኔ ሁለት መስመር ጣለችበትና ሦስት ቦታ ከፈለችው፤ አንዱን ቆርጣ በሐሳቧ ወደዚያኛው አዞረችው፤ አራት ማዕዘን ሆነላት። መልሱን ጻፈች። ትክክል ነበር። መምህሩ ግን ያስተማረው መንገድ ይህ አልነበረም።

«ማነው ያሳየሽ?» አላት።

«ማንም፣ መምህር።»

«ማንም ብሎ ነገር የለም። ወንድምሽ ነው?»

ወንድም አልነበራትም። የለኝም ብትል ከመምህሩ ጋር አፍ የምትካፈት መሰላትና ዝም አለች። ዝም ስትል ያመነች መሰለ። መምህሩ መልሱን በዳስተር አጠፋውና፣ «የሰው መልስ ይዞ መውጣት ሌብነት ነው» ብሎ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ድረስ ሰሌዳው ጎን አቆማት። አርባ ደቂቃ ያህል። ጓደኞቿ ሳቁ፤ ከሁሉም በላይ የሳቁት መልሱን ያላገኙት ነበሩ። ከዚያ ቀን በኋላ እጇን አውጥታ አታውቅም። እጁን የማያወጣ ሰው ደግሞ ጥያቄውን ማዳመጥም ይተዋል። በዓመቱ ሒሳብ ወደቀች፤ በሁለተኛው ዓመት ትምህርቱን ተወችና መቀስ ያዘች። ከዚያ ወዲህ የያዘችው ተረት አንድ ነው፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም።

አንዲት ልጅ አለቻት፤ አንድ ለእናቷ። ባሏ ረጅም መንገድ የሚሄድ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚገኘው በወር አምስትና ስድስት ቀን ቢሆን ነው። ስለዚህ ልጅቷ ያደገችው ልብስ ቤት ነው ማለት ይቻላል። በሰባት ዓመቷ ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጣ የሳሙና ስባሪ ትለቅም ነበር። በአሥር ዓመቷ የካርቶን ልኮቹን ጨርቅ ላይ መደርደር ጀመረች። በአሥራ ሦስት ዓመቷ አንድ ቀን፣ እናቷ ዓይኗን አጥብባ ስታስብ፣ ከጎኗ ሆና፣

«እማ፣ የመጨረሻውን ረድፍ ብታዞሪውስ?» አለቻት።

እናት አየችው። ቢዞር ሁለት ኪስ ይተርፋል። አዞረችው። ሬዲዮ ከኦቨርሎኩ ጀርባ፣ «ኧረ! ሜትር ሚሊ ሜትር ወለደች እኮ!» አለች፤ ልብስ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጅቷ ስም ሚሊ ሆኖ ቀረ።

ሚሊ መሆን የምትፈልገውን የምታውቅ ልጅ ነበረች። በልብስ ቤቱ በር ላይ መንገድ ሲሠራ አንድ ክረምት ሙሉ አይታለች፤ ቢጫ ኮፍያ ያደረገች አንዲት ሴት ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ተክላ፣ በአንድ ዓይኗ እያየች፣ ወንዶቹን በእጇ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ታዛቸው ነበር። «ያቺን ነው መሆን የምፈልገው» አለች ሚሊ። ለዚያ ደግሞ አሥራ አንደኛ ክፍል ስትገባ የተፈጥሮ ሳይንስ ክፍል መግባት አለባት። ለእሱም የአሥረኛ ክፍል ሒሳብ ስድሳ ያስፈልጋል። ከስድሳ በታች ያመጣ ማኅበራዊ ሳይንስ ነው የሚመደበው፤ መሣሪያውን በሩቁ ሰላም ይለዋል።

ልጅቷ ሰነፍ አልነበረችም። ነገር ግን ክፍል ውስጥ ሴቶቹ የሚቀመጡት በበሩ በኩል ነው። መምህሩ ጠመኔ ሲያልቅበት «አንቺ፣ ሮጥ ብለሽ አምጪ» ይላል፤ ዳስተር ሲጠፋ «አንቺ፣ ከጎረቤት ክፍል ጠይቂ» ይላል። ለበሩ ማን ይቀርባል? ሄዳ ስትመለስ ሰሌዳው ግማሹ ተጠፍቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ማጠናከሪያ ትምህርት ነበር። መስከረም ሲጠባ ግን የደንብ ልብስ ይደራረባል፤ ሜትርም፣ «እናቴ፣ ዛሬን ብቻ ካርቶኑን ያዢልኝ» ትላለች። ዛሬን ብቻ እየተባለ ስምንት ቅዳሜ አለፈ።

ዘጠነኛ ክፍል እያለች ሃምሳ ሁለት ይዛ ስትመጣ፣ እናቷ አቅፋ ሳመቻት።

«አይዞሽ። በኛ ዘር ሒሳብ የለም፤ እኔም አይገባኝም ነበር። ሴት ልጅ ሒሳብ ባትችል ማንም አይፈርድባትም።»

ሚሊ በዚያን ጊዜ ጠረጴዛውን አየችው። ከዳር እስከ ዳር በሳሙና ተሰምሯል፤ መቶ ሃያ ሸሚዝ፣ በአምስት ልክ፣ ከአንድ ጣቃ። እናትየዋ ያጽናናቻት መሰላት።

የአሥረኛ ክፍል የመጨረሻ ፈተና ሲመጣ ሚሊ ሃምሳ ሰባት አገኘች።

ፈተናው በተመለሰ ቀን ምን እንደ ሆነ ሜትር የሰማችው ከልጇ አይደለም። ከሬዲዮ ነው፤ ሬዲዮ ደግሞ ከጎረቤቷ ልጅ፣ የሚሊ ክፍል ከሆነችው። መምህሩ የሚሊን ወረቀት ከፍ አድርጎ ለክፍሉ አሳይቷል። «እስኪ እዩልኝ፣ ይቺ አራት ከየት መጣች? ከሰማይ ወረደች?» ብሏል። እንዲስቁ ብሎ እንጂ ሊያዋርዳት ብሎ አልነበረም ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ግን በኮሪደሩ ስታልፍ፣ «አራት! ከየት መጣሽ?» ይሏታል። ውኃ ልትጠጣ ስትሄድ፣ «አራት መጣች!» ይላሉ። ሚሊ የሚለው ስም በአንድ ሳምንት ውስጥ ተረሳ።

ረቡዕ ዕለት ወላጅ መጥቶ የምደባ ቅጹ ላይ ይፈርም ተባለ። ቅሬታ ያለው እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ማቅረብ ይችላል የሚል ወረቀትም ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።

ሜትር የክት ቀሚሷን ለብሳ ሄደች። ሚሊ ኮሪደሩ ላይ፣ ክፍት በሆነው መስኮት ሥር አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። የሒሳቡ መምህር ወጣት ነው፤ የሷ ልጅ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ትሑት ነው፤ ከመቀመጫው ተነሥቶ ወንበር ሰጣት። ነጭ ጋዋን ለብሷል። ሜትር ገና ስታየው አወቀችው፤ ጋዋኑን ማለት ነው። አምና ለአስተማሪዎች የተሰፋውን አርባ ጋዋን የቆረጠችው እሷ ናት። የዚህኛው ትከሻ ትንሽ ጠቦታል። ወፍሯል ልጁ።

«ልጅዎ ታታሪ ናት፣ እትዬ» አለ። «ሥነ ምግባሯ ምስጉን ነው። ሒሳቡ ላይ ነው ትንሽ...»

«አዎ፣ መምህር።»

«ለጥቂት ነው ያመለጣት። እዚህ ጋ አምስት ነጥብ የያዘ ጥያቄ ነበር፤ ቀላል ነው፣ ልስጣቸው ብዬ ያወጣሁት። እሷ ግን...» ወረቀቱን አዙሮ ሰጣት።

ጥያቄው እንዲህ ይላል፤ ርዝመቱ 240፣ ወርዱ 150 ሳንቲ ሜትር የሆነ ልሙጥ ጨርቅ አለ። 40 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ስንት የትራስ ፊት ይሰፋበታል?

ከሥሩ የልጇ ጽሑፍ። 44 በ34 ይላል። ቀጥሎ በእርሳስ የተሳለ ምስል አለ። ጨርቁ ተዘርግቷል። ሦስት ረድፍ በቁመት ተኝቷል፣ በየረድፉ አምስት አምስት። የመጨረሻው ረድፍ ዞሯል፤ ስለ ዞረ ሰባት ይዟል። መልስ፦ 22። በምስሉ ላይ ትልቅ ቀይ ኤክስ፣ ከኤክሱ ጎን ደግሞ በቀይ፣ «4 ከየት መጣ?» የሚል።

ሜትር የወረቀቱን ዳር ያዘችው። ዓይኗ ጠበበ። ጨርቁን አየችው። አምስት፣ አምስት፣ አምስት፣ ሰባት። እውነት ነው፤ እሷ ብትቆርጠው ራሱ ከሃያ ሁለት አታሳልፈውም፤ ምናልባትም የመጨረሻውን ረድፍ ማዞሩን ቶሎ ላታስበው ትችል ነበር። አራቱ ከየት እንደ መጣ ታውቃለች። ከዚያ አሮጌ በር ላይ ነው የመጣው። ከሷ አፍ ነው የመጣው። አሁንም እዚሁ ክፍል ውስጥ አለ፤ መምህሩ በለበሰው ጋዋን ስፌት ውስጥ፣ ሁለት ወዲህ ሁለት ወዲያ፣ ተጣጥፎ።

«መልሱ ሠላሳ ነው» አለ መምህሩ በለሰለሰ ድምፅ። «ስድስት ጊዜ አምስት። አራቱን ከየት እንዳመጣችው እንጃ። ተጨንቃ ይሆናል። ሴቶቹ ፈተና ላይ ሲቀመጡ ይጨነቃሉ፤ የሌለ ነገር ይጨምራሉ።»

«ማነው ያሳየሽ?» የሚለው ድምፅ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ከቀረበት ሰሌዳ ተነሥቶ መጣ። ሜትር አፏን ከፈተች። ስፌት ይበላል፣ መምህር፤ ይህችው ናት አንዷ ዐረፍተ ነገር። ግን እሷ ማናት? አሥረኛ ክፍልን ያልጨረሰች ጨርቅ ቆራጭ። እሱ በዩኒቨርሲቲ የተማረ። ቢስቅባትስ? ቢቆጣና ልጇን ቢጠምድባትስ? የተከፈተ አፍ ደግሞ ባዶውን አይዘጋም፤ የሆነ ነገር መውጣት ነበረበት፤ እናም ወጣ።

«ከኔ ወርሳው ነው፣ መምህር። እኔም ሒሳብ ጭንቅላቴ አይገባም ነበር።»

መምህሩ በሐዘኔታ ፈገግ አለ። ቅጹን አቀረበላት። ማኅበራዊ ሳይንስ የሚለው ላይ ምልክት ተደርጎበታል። ፈረመች። ፊርማዋ ሁልጊዜም ቀጥ ያለ ነው፤ እንደ ስፌት መስመር።

ስትወጣ ሚሊ አግዳሚው ላይ የለችም። የደረሰችባት በር ላይ ነው። መሻገሪያው ጋ ሲደርሱ ልጅቷ ቆመች።

«እማ፣ ሃያ ሁለት ትክክል አይደለም?»

«...ነው።»

«አራቱን አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ።»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ‹ከኔ ወርሳው ነው› ያልሽው እውነትሽን ነው ለካ» አለችና መንገዱን ብቻዋን ተሻገረች።

በማግሥቱ ሜትር ጠረጴዛዋ ላይ ቆማ አንድ ጣቃ እስከ ረፋድ ድረስ ሳታሰምር አፈጠጠችበት። ሬዲዮ ካውያ ልትሰካ በመጣችበት አስተዋለቻትና ነገሩን ጎትታ ጎትታ አወጣችው።

«እና ዝም አልሽ?» አለች ሬዲዮ።

«ምን ልበለው?»

«ምን ልበለው ትላለች እንዴ! ጋዋኑን ገልብጠሽ ‹ይኸው አራት፣ ለብሰኸዋል› አትይውም? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲሉ በባል ብቻ ይመስለኝ ነበር። እናትም አለችበት ለካ!»

«እኔ እኮ ያልተማርኩ...»

«ወዲያ! ሃያ ዓመት ሙሉ ይኸንን ሁሉ ሕዝብ ያለበስሽው በምንሽ ነው፣ በጸሎት? ነገ ዓርብ ነው። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሄደሽ ታሳዪዋለሽ። መናገር ካቃተሽ ጨርቁ ይናገርልሽ።»

ሐሳቡ የሬዲዮ ነው፤ የቆረጠችው ሜትር ናት። ከሰማያዊ ልሙጥ ጨርቅ ሁለት የትራስ ፊት። አንዱን ልክ መምህሩ እንዳለው 40 በ30 ቆረጠችው። ሌላውን ልጇ እንዳለችው 44 በ34። ሬዲዮ ለሁለቱም በዚያው ልክ ጀርባ አድርጋ ሰፋቻቸው። ሲለኩ የመምህሩ 36 በ26 ሆኖ አረፈው፤ የልጇ 40 በ30፣ ሳይዛነፍ። አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባል። አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው። በዚያን ሌሊት፣ ልጇ ከመጋረጃው ማዶ ተኝታ ሳለች፣ የምትናገረውን አንድ ዐረፍተ ነገር በልቧ ደጋግማ አጠናችው። ይህ የትራስ ፊት በእርስዎ መልስ ነው፤ ይኸኛው በልጄ። ይለኩት።

ዓርብ አምስት ሰዓት ሲሆን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ደረሰች። ሜትሯ እንደ ልማዷ አንገቷ ላይ ነበር፤ ማውለቁን ረስታዋለች። የጠፋው ሁሉ የጠፋው በዚህ ነው።

«አሃ፣ ለጋዋኑ ነው?» አላት ዘበኛው ሜትሩን እያየ። «በሚቀጥለው ሳምንት አልነበር እንዴ? ግቢ፣ ግቢ፤ የመምህራን ክፍል ናቸው።»

አይደለም ልትል ፈለገች። ነገር ግን «ቅሬታ ላቀርብ ነው» ማለት ከብዷት «እሺ» አለች።

የመምህራን ክፍሉ ሞልቷል። ረጅም ጠረጴዛ፣ የደብተር ክምር፣ ግድግዳው ላይ የክፍለ ጊዜ ሠንጠረዥ። በሩን እንደ ከፈተች አንድ ሸበቶ አስተማሪ፣

«ልብስ ሰፊዋ መጣች! ተሰለፉ!» አሉ።

«እኔን አስቀድሚኝ፣ ክፍል አለኝ» አለ ሌላው።

«አንተን ለመለካት ሁለት ሜትር ይቀጠላል፣ ዞር በል!»

ሳቁ። ወንበሮች ተገፉ፣ ሰዎች ጋዋናቸውን እያወለቁ ተነሡ። ሜትር በሩ ላይ እንደ ቆመች ሜትሩ በገዛ እጁ ከአንገቷ የወረደ ይመስል መዳፏ ላይ ተገኘ። እጇ የሚያውቀው ሥራ ይህ ነው። ለካች። ትከሻ፣ ደረት፣ እጅጌ፣ ቁመት። ቁጥሩን በወረቀት ጻፈች። ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ነው፤ በጎነበሰች ቁጥር ወደ ፊት ይወዛወዝና ሁለቱ የትራስ ፊቶች ደረቷን ይመቷታል።

ስድስተኛ ተራ ላይ የሒሳብ መምህሩ መጣ። እጆቹን ዘረጋላት።

«እርስዎ ነዎት ለካ የሚሰፉልን!» አለ ተደስቶ። «አላወቅኩም ነበር እኮ። ይሄ የአምናው ጠቦኛል፤ ዘንድሮ ሰፋ ያርጉልኝ።»

«አዲስ አያስፈልገውም» አለች ሜትር። ድምፅዋ ቀጠነባት። «ይሄው ራሱ ይሰፋል። ስፌቱ ውስጥ ትርፍ አለው።»

«እውነት? ስንት ያህል?»

እንግዲህ ይኸው። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተላት። የግድግዳው ሰዓት ለስድስት ሩብ ጉዳይ ይላል። ቀና ብላ ዓይኑን አየችው።

«ከየጎኑ ሁለት ሁለት» አለች። «አራት።»

ጠበቀች። እጁ እንደ ተዘረጋ ነው፣ ሜትሩ በደረቱ ዙሪያ እንደ ተጠመጠመ ነው። አራት አልኩህ እኮ ትለዋለች በልቧ። አራት። በክፍሉ ፊት ከሰማይ ወረደች ያልካት።

መምህሩ ራሱን ነቀነቀ።

«በጣም ጥሩ! አራት ይበቃል» አለና ወደ ሸበቶው ዞሮ፣ «ጋሼ፣ ሰምተዋል? አስበውበታል እኮ፤ እንዳይጠበን ብለው አራት ይጨምሩልናል። ጥሩ ባለሙያ እንዲህ ነው!»

«የእጅ ሙያ ነዋ» አሉ ሸበቶው። «ይሄ በትምህርት አይገኝም።»

የቀረው ዐረፍተ ነገር አንድ ነበር። በሌሊት ያጠናችው። ይህ በእርስዎ መልስ ነው፣ ይኸኛው... እሷ ግን የደረቱን ቁጥር ወረቀቱ ላይ ጻፈች። ከኋላው ሰባት ሰው ተሰልፏል። መምህሩ እጁን አወረደና፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» ብሎ ሄደ። ቀጣዩ ቀረበ። ሜትር ለካችው። ሰዓቱ ስድስት ሲል ደወሉ ተደወለ፤ በመስኮቱ አሻግራ ስታይ ጸሐፊዋ የማስታወቂያ ሰሌዳውን ከፍታ የቅሬታውን ወረቀት ስትነቅለው አየች።

«አሳየሽው?» አለች ሬዲዮ ገና ከበሩ ስትገባ።

«ልካቸውን ወስጄ መጣሁ።»

«የምን ልክ?»

«የጋዋን።»

ሬዲዮ ዞር አለችና ኦቨርሎኳን አስነሥታ ባዶውን አስጮኸችው።

በማግሥቱ ሜትር ጋዋኖቹን የሰኞ ሥራ ናቸው ብላ ተወቻቸው፤ ቅዳሜውን ከቤት ሳትወጣ ልብስ ስታጥብ ዋለች። ሚሊ ቁልፍ ፍለጋ የእናቷን ቦርሳ ስትከፍት የትራስ ፊቶቹን አገኘች። አወጣቻቸው። አልጋው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። ትንሹን ትልቁ ላይ አስተኛችው። በጣቷ ዳር ዳሩን፣ ሁለት ወዲህ ሁለት ወዲያ፣ ነካካችው። ከዚያ ትንሹን ትልቁ ውስጥ ከታ፣ አጣጥፋ፣ ከነበሩበት መለሰቻቸው። እናትየዋ በሩ ላይ እርጥብ ልብስ ታቅፋ ቆማ አየቻት።

ክረምቱ አለፈ። ሚሊ ልብስ ቤት መምጣቱን አልተወችም፤ ነገር ግን ጠረጴዛው ጋ አትቀርብም። ከሬዲዮ ጎን ተቀምጣ ክር ትቆርጣለች። እናቷ ጨርቅ ዘርግታ ስትቆም፣ አንዳንዴ ሆን ብላ የመጨረሻውን ረድፍ ሳታዞር ትተዋለች፤ ልጅቷ «እማ፣ ብታዞሪውስ?» ትል እንደ ሆነ ብላ። ልጅቷ አየት ታደርግና ወደ ክሯ ትመለሳለች።

ትምህርት ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው ሚሊ ለመጀመሪያ ጊዜ መቀስ ጠየቀች።

«የደንብ ልብሴን ራሴ ልቁረጠው።»

ሜትር ደስ አላት። ደስታዋን እንዳታሳይ ፊቷን አዞረች እንጂ ልቧ ዘለለ። ጠረጴዛውን ጠርጋ ለቀቀችላት። ልጅቷ ሜትሩን ከእናቷ አንገት ላይ ወሰደች፤ ራሷን ለካች፤ ቁጥሩን በእርሳስ ጻፈች፤ የሳሙና ስባሪ አንሥታ አሰመረች። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። ቆረጠች። ሬዲዮ እያንጎራጎረች ሰፋችው። ሬዲዮ ስትሰፋ አታይም፤ ታወራለች።

ሲያልቅ ሚሊ መጋረጃው ጀርባ ገብታ ለብሳው ወጣች። ትከሻው ወጥሮ ይዟታል። እጇን ወደ ፊት መዘርጋት አትችልም። ከኋላ ዚፑ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆሟል፤ ከዚያ በላይ ጀርባዋ ይታያል።

መኪናዎቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ።

«ውይ ልጄ፣ ተሳሳትሽ» አለች ሜትር እየተጣደፈች። «ቆይ፣ ቆይ፣ አሁን እፈታዋለሁ፤ ከጎኑ እንለቅለታለን።» ተንበርክካ የቀሚሱን ጎን ገለበጠችው። ኦቨርሎኩ ጠርዙን ቆርጦ በልቶታል፤ ከስፌቱ ውጭ የቀረው የክር ስፋት ብቻ ነው። በሌላው ጎን አየች። እዚያም ያው ነው። በጣቷ ትፈልጋለች፣ የሌለውን ትፈልጋለች፣ ጥፍሯ ክሩ ላይ ይንሸራተታል።

«አትድከሚ፣ እማ» አለች ልጅቷ ከላይ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። «አራት የለበትም። እንደ እርማቱ ነው የቆረጥኩት።»

«ልጄ፣ እንዲህ ሆነሽማ አትሄጂም። ሌላ እቆርጥልሻለሁ፤ ዛሬውኑ።»

«በልኬ ነው የተቆረጠው። ለክተሽ እዪው።»

ሜትሩ በልጅቷ አንገት ላይ ነው። እናትየዋ እጇን ወደዚያ አላነሣችም። ሰኞ ጠዋት ሚሊ ያንኑ ለብሳ ልትወጣ ስትል እናቷ ከኋላዋ ቆመች፤ ዚፑ የማይደርስበትን ሁለቱን የጨርቅ ጠርዞች እስከቻለች ሳበቻቸው፤ አልገናኝ አሉ፤ በመካከላቸው የቀረውን በዓይኗ ለካችው፤ ከዚያ አፏ ላይ የያዘቻቸውን ሁለት መርፌ ቁልፎች አንድ በአንድ እያወጣች ሰካችላት።